አድራሻዋን አውቀው ነበር

የትዳር ጓደኛውን አገር ቤት ትቶ አሜሪካ የገባ ሰው ትዳሩ ያበቃለት ሲመስለው አስቀድሞ የሚጠይቀው «የት ብከስ ይሻለኛል?» ብሎ ነው። ዲሲና አካባቢው የምንኖር ሰዎች ይህን ጥያቄ በቤተ ክርስቲያን ግቢም በልቅሶ ቤትም እንሰማዋለን። መላሽ አይጠፋም። «እዚሁ ጨርሰው፣ እዚያ ቀጠሮው አያልቅም» ይላል አንዱ። «እዚያ ይረክስልሃል» ይላል ሌላው። እኔም በጊዜዬ ጠይቄ፣ የተመከርኩትን አድርጌአለሁ። ያደረግኩትን ሳላሳምር ልናገር፦ ሚስቴ ልትደርስበት የማትችለውን ፍርድ ቤት መረጥኩ፤ አድራሻዋን እያወቅኩ የማይደርሳትን አድራሻ ጻፍኩ፤ ሳትሰማ ፈታኋት። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ባል አለኝ ብላ ኖረች።

የተጋባነው በ1995 ዓ.ም. ነው፤ በማዘጋጃ ቤት ተፈራርመን፣ ቤተ ዘመድ ጠርተን። እሷ አስተማሪ ናት፤ እኔ የአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። በመኖሪያ ቤት ኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተን፣ ከሁለታችንም ደመወዝ እየቆጠብን፣ የጎደለውን በዕቁብ እየሞላን አያት አካባቢ ቤት ሠራን። ካርታው በእኔ ስም ወጣ፤ ያን ጊዜ ማናችንም ልብ ያልነው ጉዳይ አልነበረም። በ2003 ዓ.ም. ለሥራ አሜሪካ መጥቼ በዚያው ቀረሁ። ጥገኝነት ሲፈቀድልኝ እሷን ማስመጣት እችል ስለነበር ጠየቅኳት። እናቷ አልጋ ላይ ከዋሉ ሰንብተዋል፤ ከእሷ ሌላ ልጅ የላቸውም። «እማማን ለማን ጥዬ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ነገሩን ከዚያ ወዲያ እሷም አላነሳችው፣ እኔም አላነሳሁት። ልጅ አልወለድንም። በስልክ ብቻ የቀረው ትዳር እየሳሳ ሄደ፤ ሁለታችንም እያወቅነው አንዳችንም በቃል አላወጣነውም። በመካከሉ እኔ እዚህ ሌላ ሰው አገኘሁ።

የቨርጂኒያ ሕግ ለእኔ ዓይነቱ ሰው በሩን ክፍት አድርጎታል። ከተጋቢዎቹ አንዱ ከክሱ በፊት ቢያንስ ስድስት ወር የግዛቱ ነዋሪ ሆኖ ከቆየ ፍርድ ቤቱ ትዳሩን ማፍረስ ይችላል፤ ሌላኛው ወገን የትም ይኑር። ማን አጠፋ ሳይባል ለፍቺ የሚበቃው አንድ ዓመት ሳያቋርጡ ተለያይቶ መኖር ነው። አካለ መጠን ያላደረሰ ልጅ ከሌለና የመለያየት ስምምነት በጽሑፍ ከተፈረመ ደግሞ ስድስት ወር ይበቃል። እኔ ነዋሪነቱንም አንድ ዓመቱንም አሟላለሁ ብዬ አመለከትኩ። ግን ተለያይቶ መኖር በሕጉ ዘንድ በተለያየ አገር ማደር ብቻ አይደለም፤ ቢያንስ አንደኛው ወገን ትዳሩ በቃ ብሎ ቆርጦ የተለየበት ጊዜ መሆን አለበት። እኔ የጻፍኩት አውሮፕላን የተሳፈርኩበትን ቀን ነው። ያን ቀን ቦሌ ድረስ የሸኘችኝ ሚስቴ «ቶሎ ተመለስ» ብላኝ ነበር፤ እኔም እመለሳለሁ ብያት ነበር። የመጀመሪያው ውሸት ይህ ነው።

ሁለተኛው አድራሻዋ ላይ ነው። የከሰስኩት እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ተከሳሽ ከግዛቱ ውጭ የሚኖር ሲሆን የቨርጂኒያ ሕግ በጋዜጣ እንዲጠራ ይፈቅዳል። ከሳሹ ለዚህ ቃለ መሐላ ይሰጣል፤ ቃለ መሐላው ላይ ተከሳሹ በመጨረሻ የታወቀበት የፖስታ አድራሻ ይጻፋል፤ የፍርድ ቤቱ ጸሐፊም የጥሪውን ግልባጭ ወደዚያ ይልካል። ሩቅ አገር ያለ ሰው መከሰሱን የሚያውቅበት ተስፋ ሁሉ ያረፈው በዚያች አንዲት መስመር ላይ ነው። አዲስ አበባ ላይ ፖስተኛ ደብዳቤ ይዞ ቤት አያንኳኳም፤ ሰው አድራሻዬ ብሎ የሚጽፈው የፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው። የምታስተምርበት ትምህርት ቤት ፖስታ ሣጥን አለው፤ ወረቀት ልኬላት ስለማውቅ ቁጥሩ በቃሌ ነበር። ያን ብጽፍ ይደርሳት ነበር። እስክሪብቶውን ይዤ ትንሽ ቆየሁና የቀድሞ መሥሪያ ቤቴን ፖስታ ሣጥን ቁጥር ጻፍኩ። መሥሪያ ቤቱ ከሌላ ጋር ተዋህዶ ስሙ እንኳ ተለውጧል፤ እሷን የሚያውቅ ሰው እዚያ አልቀረም። «ድሮ እንጠቀምበት ነበር፤ ውሸት አይባልም» አልኩ በልቤ፤ ፈረምኩም።

ጥሪው በሰሜን ቨርጂኒያ በሚታተም አነስተኛ ጋዜጣ ላይ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ለአራት ተከታታይ ሳምንት ወጣ። አንዱን እትም ገዝቼ አየሁት። ስሟ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ የአባቷ ስም አንድ ፊደል ጎድሎት፣ በመጋዘን ዕቃ ጨረታና በግንባታ ፈቃድ ማስታወቂያ መካከል ተቀምጧል። በተባለው ቀን ቀርባ መብቷን እንድታስከብር ይጠራታል። ያን ጊዜ እሷ ሽሮ ሜዳ እናቷ ቤት ናት።

የዚያን ጊዜው ሕግ በከሳሽ ቃል ብቻ ፍቺ አይሰጥም፤ ቃሉን የሚደግፍ ምስክር ይፈልጋል። ሚዜዬ የነበረው ጓደኛዬ እዚሁ ይኖራል፤ እሱን ለመንኩት። ተለያይተን መኖራችንን መሰከረ፤ ያም እውነት ነው። መንገድ ላይ ግን «እሷ ታውቃለች አይደል?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። «ታውቃለች» አልኩት። እሱ በቅን የሰጠውን ምስክርነት እኔ የተንኮሌ መሣሪያ አደረግኩት። ፍርዱ በእጄ በገባበት ሳምንት፣ እሁድ፣ እንደ ልማዴ ደወልኩላት። ስለ እናቷ መድኃኒት መወደድ አወራን፤ ገንዘብ እልካለሁ አልኳት፤ ላክሁም። ጥቂት ቆይቼ እዚህ ተጋባሁ። የእሁዱን ስልክ ግን አላቋረጥኩም። ያኔ ደግነት ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው፣ እንዳትጠረጥር የምከፍለው ዋጋ ነበር።

ሰው «ለምን አዲስ አበባ አልከሰስክም?» ሲለኝ ለረጅም ጊዜ የምሰጠው መልስ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ሥራዬን ጥዬ መሄድ አልችልም፣ የአውሮፕላን ቲኬት ውድ ነው፣ እዚያ ጉዳይ ይጓተታል። እነዚህ ሁሉ እውነት ናቸው፤ ምክንያቴ ግን አልነበሩም። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ፍቺ የሚጠይቅ ሰው ዳኛ ፊት ይቀርባል። ዳኛው ተጋቢዎቹን አንድ ላይም ለየብቻም ያነጋግራል፤ ሽማግሌ መርጠው እንዲታረቁ ይሞክራል፤ አስፈላጊ ሲሆን እስከ ሦስት ወር የማሰቢያ ጊዜ ይሰጣል። ከፍቺው ጋር የንብረቱ ነገርም ይነሣል። እዚያ ብከስ ኖሮ መጥሪያው በማግስቱ ይደርሳታል። አጎቶቿ ይሰማሉ። የእኔ እናት ትሰማለች። እሷ ቆማ «ምን በደልኩህ?» ትለኛለች፤ ቤቱም ለሁለት ይከፈላል። እኔ መጓተት ያልኩት ነገር ሁሉ የእሷ የመናገሪያ ተራ ነበር። ከዚያ ነው የሸሸሁት። ቨርጂኒያን የመረጥኳት ፈጣን ስለሆነች አይደለም፤ እሷ ቪዛ አግኝታ፣ ቲኬት ገዝታ፣ ጠበቃ ቀጥራ፣ በማታውቀው ቋንቋ ልትከራከርባት ስለማትችል ነው።

ፍርድ ቤት እየመረጡ መፋታት የእኛ ሰው የፈጠረው ዘዴ አለመሆኑን ያወቅኩት በኋላ፣ ጉዳዩ እንቅልፍ ሲነሳኝ ማንበብ ጀምሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940 ከሰሜን ካሮላይና የሄዱ ሁለት ሰዎች፣ ዊሊያምስ የሚባል ሰውና ሄንድሪክስ የምትባል ሴት፣ ኔቫዳ ገብተው በዚያ ሕግ የሚበቃውን ስድስት ሳምንት ቆዩ፤ እዚያው እያንዳንዳቸው ባልና ሚስታቸውን ፈትተው እርስ በርስ ተጋቡና ወደ ሰሜን ካሮላይና ተመለሱ። ትዳራችሁ ሳይፈርስ ሌላ ትዳር መሠረታችሁ ተብለው ተፈረደባቸው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1942 የኔቫዳን ፍቺ ሌላው ግዛት ማክበር አለበት ብሎ ቅጣቱን ሻረው። ጉዳዩ ዳግመኛ ሲመጣ ግን፣ በ1945፣ በእርግጥ የኔቫዳ ነዋሪ ሆነው ነበር ወይ የሚለውን ሰሜን ካሮላይና መርምራ አልነበሩም ማለት ትችላለች ብሎ ቅጣቱን አጸና። በ1948 ደግሞ ኤስቲን በሚባለው ጉዳይ ፍርድ ቤቱ አንድ ነገር ለየ፦ ባልየው ኔቫዳ ሄዶ ያገኘው ፍቺ ትዳሩን አፍርሶታል፤ ያልቀረበችው ሚስት ቀድሞ በኒውዮርክ ፍርድ ያስከበረችውን የቀለብ መብት ግን ሊያጠፋ አይችልም። ትዳሩን ለማፍረስ የአንዱ ነዋሪነት ሊበቃ ይችላል፤ ኪስ ውስጥ ለመግባት ግን ሰውየው ራሱ በፍርድ ቤቱ ሥልጣን ሥር መሆን አለበት።

ይህን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ወረቀቴ አያት ያለውን ቤት እንደማይነካው አውቅ ነበር። እኔ ግን ፍቺ ያው ፍቺ ነው፣ አንድ ቦታ ከፈረሰ በቃ ፈረሰ ብዬ ነበር የማስበው።

በ2014 ዓ.ም. ቤቱን ልሸጥ አዲስ አበባ ገባሁ። ቤቱ ተከራይቶ ኪራዩን የምትሰበስበው እሷ ነበረች። ሳልነግራት በደላላ ገዥ አገኘሁ። ውልና ማስረጃ ስንሄድ ካርታው በስሜ መሆኑ ብቻውን አልበቃም፤ የሚስት ፊርማ፣ ካልሆነም የፍቺ ማስረጃ ተጠየቅኩ። ያን ጊዜ በኩራት የቨርጂኒያውን ፍርድ አወጣሁ። ማህተም በማህተም ላይ አስመትቼበት፣ በኤምባሲና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አረጋግጬ፣ ወደ አማርኛ አስተርጉሜው ነበር። የተቀበለችኝ ልጅ አገላብጣ አይታ መለሰችልኝ። «ጋሼ፣ ይህ የውጭ አገር ፍርድ ነው። መጀመሪያ እዚህ ፍርድ ቤት ይቀበለውና ይዘውት ይምጡ» አለችኝ።

ጠበቃ ቀጠርኩ፤ ልጄ የሚሆን ወጣት። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉን አንቀጽ 458 ከፍቶ አነበበልኝ። የውጭ ፍርድ ኢትዮጵያ ውስጥ እንዲፈጸም ፍርዱን የሰጠው አገር የኢትዮጵያን ፍርድ የሚያስፈጽም መሆን አለበት፤ ፍርዱ በሕግ በተቋቋመ ፍርድ ቤት የተሰጠና የመጨረሻ መሆን አለበት፤ ከሕዝብ ጸጥታና ሞራል ጋር መቃረን የለበትም። ከእነዚህ መካከል አንዱ ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ አየኝ፦ የተፈረደበት ሰው ቀርቦ የመከላከል ዕድል አግኝቶ ነበር ወይ?

«በጋዜጣ ተጠርታለች» አልኩት።

«የት አገር ጋዜጣ?» አለኝ።

ማመልከቻው ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ገባ። መጥሪያው ሽሮ ሜዳ ድረስ ሄዶ፣ በእጇ ተሰጥቶ፣ ፈርማበት ተመለሰ። እኔ በጋዜጣና በፖስታ ሣጥን የዞርኩበትን ጉዳይ አንድ የፍርድ ቤት መልእክተኛ በግማሽ ቀን ጨረሰው። መፈታቷን ያወቀችው ከዚያ ወረቀት ነው።

በቀጠሮው ቀን ነጠላዋን ለብሳ፣ ያለ ጠበቃ መጣች። ዳኛዋ በየትኛው አድራሻ እንደተጠራች ጠየቁኝ። የፖስታ ሣጥኑን ቁጥር ነገርኳቸው። «የማን ሣጥን ነው?» አሉኝ። የድሮ መሥሪያ ቤቴ ነው አልኩ። ወደ እሷ ሲዞሩ ተነሥታ፣ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ይህ ሰው በየእሁዱ ይደውልልኛል። ስልኬንም ቤቴንም ያውቃል» አለችና ተቀመጠች። ሌላ አልጨመረችም። ጠበቃዬ ጊዜ ጠይቆ ወጣን፤ በኋላም ማመልከቻውን አነሣነው።

ኮሪደር ላይ አናገረችኝ። ይቅርታ የምልበት አፍ አልነበረኝም፤ ዝም ብዬ ቆምኩ። «ሴት እንዳለችህ ሰምቼ ነበር» አለችኝ። «ወንድ ልጅ ብቻውን አይኖርም ብዬ ዝም አልኩ። መፋታታችንን ግን አልሰማሁም።» ቀጥላም፣ «ሽማግሌ የላከብኝ ሰው ነበር። ባል አለኝ ብዬ መለስኩት» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ሰውየው ማን እንደሆነ፣ መቼ እንደሆነ አልጠየቅኳትም፤ መጠየቅም የሚገባኝ አልመሰለኝም። ከጥፋቴ ሁሉ የማልመልሰው ይህን ነው። ቤት ይካፈላል፣ ገንዘብ ይከፈላል፤ ባል አለኝ ብላ የመለሰችው ሽማግሌ ግን ዳግመኛ አይመጣም።

ነገሩ በሕግ ምን ያህል ተወሳስቦ እንደነበር ጠበቃው ያስረዳኝ ከዚያ በኋላ ነው። በኢትዮጵያ ሕግ ትዳራችን አልፈረሰም። ስለዚህ በእነዚያ ዓመታት ሁለታችንም በሥራችን ያፈራነው የጋራ ነው፤ በአንዱ ስም ቢመዘገብም የግሌ ነው የሚል ሰው ማስረዳት አለበት። ከደመወዟ አጠራቅማ ሰፈሯ ውስጥ ትንሽ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ከፍታ ነበር፤ በወረቀት ላይ ግማሹ የእኔ ሊባል ነው። እኔ ቨርጂኒያ ከአሁኗ ባለቤቴ ጋር በብድር የገዛሁት ቤትም በዚያው ሒሳብ ለክርክር ይጋለጣል። ይባስ ብሎ በኢትዮጵያ ሕግ ዓይን በትዳር ላይ ትዳር የመሠረትኩ ሰው ነኝ፤ ያ ደግሞ በወንጀል ሕጉ የሚያስጠይቅ ነው። ቨርጂኒያ ላይ ባለትዳርነቴ ከአንዷ ጋር ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ከሌላዋ ጋር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ አንድ ጊዜ በሥርዓቱ ልጨርሰው የምችለውን ነገር እንደገና ከመጀመሪያው ለመልቀም ተቀመጥኩ።

የተፋታነው በስምምነት ነው። ቤቱ ይሸጣል፣ ለሁለት ይከፈላል፤ ሱቁ የእሷ ነው፤ እሷም እኔ አሜሪካ ያፈራሁትን አትጠይቅም ብለን ጽፈን ፈረምን። ውሉን ስናዘጋጅ ጠበቃው ከዚህ በላይ ልትጠይቅ እንደምትችል በፊቴ ነገራት። «የእሱን አልፈልግም፤ የእኔን እንዳይነካ ብቻ ጻፍልኝ» አለችው። የቤተሰብ ችሎቱ ዳኛ ለየብቻ አነጋገሩን፤ በፈቃዷ መፈረሟን ደጋግመው ጠየቋት፤ ከዚያ አጸደቁት። የፈራሁት ሁሉ ይኸው ነበር። ሽማግሌ አልተሰበሰበብኝም፤ ማንም አልጮኸብኝም። በ2008 ዓ.ም. ይህንኑ ጠይቄያት ቢሆን ኖሮ እሺ ትለኝ እንደነበር ያን ቀን ገባኝ። እዚያ በሁለታችን ፈቃድ፣ ሁለታችንም ተሰምተን የፈረሰ ትዳር ደግሞ አሜሪካም አብዛኛውን ጊዜ የሚከበር ነው፤ የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች የውጭ ፍቺን ሲመዝኑ ከሚያዩት ዋነኛ ነገር አንዱ ሌላኛው ወገን አውቆ ነበር ወይ የሚለው ነው።

አሁን «የት ብከስ ይሻለኛል?» የሚል ሰው ሲመጣ መልሼ እጠይቀዋለሁ። ንብረቱ የት ነው? አዲስ አበባ ያለን ቤት ካርታ የቨርጂኒያ ዳኛ ሊያዛውረው አይችልም፤ ክርክሩ የሚያበቃው ቤቱ ባለበት አገር ነው። ልጅ አለ ወይ? ካለ በአሜሪካ ግዛቶች ሕግ የአሳዳጊነቱን ነገር የሚወስነው በመሠረቱ ልጁ ያለፉትን ስድስት ወራት የኖረበት ቦታ ነው፤ ለዚህም የውጭ አገር እንደ አንድ ግዛት ይቆጠራል። አዲስ አበባ ከአያቱ ጋር የሚያድግ ልጅ ጉዳይ አባቱ ሜሪላንድ ስለከሰሰ ብቻ ሜሪላንድ አይመጣም። ቀለብ ትፈልጋለህ ወይስ ይፈለግብሃል? ያም ሰውየው ከሚገኝበት ቦታ ጋር የተያያዘ ነው። ነዋሪነቱስ ሞልቶልሃል? ቨርጂኒያም ዲሲም ስድስት ወር ይላሉ፤ አድራሻ ተውሶ ነዋሪ ነኝ ማለት የዊሊያምስን ነገር ያመጣል። አውሮፓ ያሉ ዘመዶቻችን ዘንድ ደግሞ ጥድፊያው ሌላ መልክ አለው፤ በኅብረቱ አባል አገሮች መካከል ቀድሞ የተከፈተው መዝገብ ኋላ የመጣውን ስለሚያስቆመው፣ ባልና ሚስት ማን ቀድሞ ይከስ በሚል ይሽቀዳደማሉ።

ከእነዚህ ሁሉ በኋላ የማነሣው አንድ ጥያቄ አለ፤ ሰው የማይወድልኝም እሱን ነው። አንተ በመረጥከው ፍርድ ቤት እሷ መናገር ትችላለች? በስልክ፣ በቪዲዮ፣ በውክልና፣ በጠበቃ፣ እንዴትም ይሁን። የእኔን ጥፋት በግልባጩ የሚሠሩም አሉ። ሚስቱ ጅዳ ወይም ቤሩት ሰው ቤት ሠርታ የምትልከውን ገንዘብ እየተቀበለ፣ የት እንዳለች አላውቅም ብሎ አገር ቤት በጋዜጣ የሚያስጠራት አለ። በእሷ ገንዘብ የተሠራው ቤት እሷ በሌለችበት ክርክር ይካሄድበታል። የአሠሪዋን ቤት በር ራሷ ከፍታ መውጣት የማትችል ሴት አዲስ ዘመን ጋዜጣ ላይ ስሟ ወጣ አልወጣ ምን ለውጥ ያመጣላታል? የጋዜጣ ጥሪ ለጠፋ ሰው የተሠራ መንገድ ነው። ስልኩን ለምናውቀው ሰው ስንጠቀምበት ሥራው ሌላ ነው።

ለሚዜዬ ሁሉንም ነገርኩት። ብዙ አልተናገረም፤ «ምስክር አድርገህኝ ነበር እኮ» ብቻ አለኝ፤ ከዚያ ወዲህ ስንገናኝ ሰላምታችን አጭር ነው። ለንስሐ አባቴም ተናዘዝኩ። እሳቸው በመጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ ቀድሞዋ አልነበረም። «አሁን አብራህ ላለችው ነግረሃታል?» አሉኝ። አልነገርኳትም ነበር። በቨርጂኒያው መዝገብ ላይ ያሳሳትኩት አድራሻ እስከ ዛሬ እንደተጻፈ ነው፤ አስተካክላለሁ ብዬ ብነሣ የእሷም ትዳር አብሮ ይናጋል። ይህን የሚወስነው እኔ ብቻዬን እንዳልሆንኩ የገባኝም ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ቅዳሜ ማታ ቁጭ አድርጌ ከአውሮፕላኑ ቀን ጀምሬ እስከ ፖስታ ሣጥኑ ድረስ ሳላስቀር ነገርኳት። እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ፣ «እኔን መፍታት ያማረህ ቀንስ የት ሄደህ ትከስ ይሆን?» አለችኝ። እዚሁ፣ አንቺ ባለሽበት ልላት ፈለግኩ። ነገር ግን በየእሁዱ እየደወለ የዋሸ ሰው ይህን ሲላት ለምን ታምነዋለች? እስካሁን አልመለስኩላትም።